ዶሮዬ ታምጣለች፣ እንቁላል ግን አይወጣም

የሰሚቱ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። አዲስ አበባ ሰሚት አካባቢ ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ስምንት ቦቫንስ ብራውን የሚባሉ የእንቁላል ዶሮዎች አሉኝ። ቄብ ሆነው ነው የገዛኋቸው፤ አሁን ዓመት አልፏቸዋል። እስካሁን ምንም አልጎደለባቸውም። ከቤት የተረፈውን እንቁላል ጥጉ ላይ ላለው ሱቅ እሰጣለሁ።

አንዷ፣ ትልቋ፣ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ልክ አይደለችም። እንቁላል መጣያ ሳጥኑ ውስጥ ትገባለች፣ ትንሽ ትቀመጣለች፣ ምንም ሳትጥል ትወጣለች። ከዚያ ተመልሳ ትገባለች። ትናንት ስትመላለስ ዋለች። ዛሬ መመላለሱንም ትታዋለች። ከሮቶው ጥግ ፀሐይ ላይ ላባዋን ነፍታ፣ ጭራዋን ዘቅዝቃ፣ እግሯን ከፈት አድርጋ ቆማለች። በየመሀሉ ጭራዋ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የምታምጥ ነው የምትመስለው። በቆሎ ስበትንላት አየት አድርጋ ተወችው። ውኃ ግን ትጠጣለች። ኩሷ ትንሽ ነው፤ ነጭና ውኃ የበዛበት። ከኋላዋ ላባዋ ላይ ተለጥፏል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ሳምንት ከቆጡ ሥር ቅርፊት የሌለው እንቁላል አግኝቼ ነበር። በስስ ቆዳ ብቻ የተያዘ፣ ሲነኩት የሚረግብ። የማን እንደሆነ አላወቅኩም። መኖ ከተወደደ ወዲህ የጣይ መኖውን ከፉርሽካና ከድርቆሽ ጋር እያደባለቅኩ ነው የምሰጣቸው።

ጎረቤቴ «ፈንግል ነው፣ ሁሉንም ሳይጨርስብህ ሽጣቸው» ይላል። እናቴ ደግሞ በክት ሆና ከምትጣል ዛሬውኑ ትታረድ ባይ ናት። መኖ የምገዛበት ቤት ያለው ልጅ ቢጫ ዱቄት ሰጥቶኛል። «ኦክሲ ነው፣ በውኃ በጥብጥላት» አለኝ። ገና አልሰጠኋትም። ፈንግል ነው? ወይስ እንቁላሉ ውስጥ ተቀርቅሮባት ነው? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ፤ ጎበዝ ጣይ ናት።

ፈጣኑ፦

ፈንግል ነው ወንድሜ፣ አትጠራጠር። እኛ ሰፈር ገብቶ ጠራርጎ ነው የሄደው። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ በውኃ አርገህ ለሁሉም ስጥ። ኦክሲውንም ጨምርበት፣ ምን ይጎዳል?

የቢሾፍቷ አክስት፦

ይጎዳል እንጂ! እመለስበታለሁ። ሎሚና ነጭ ሽንኩርቱን ግን ለወጡ አቆዩት።

ልጄ የሰሚቱ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። እኔ ቢሾፍቱ ነው የምኖረው። ትልቅ የዶሮ እርባታ ውስጥ ጤና ክፍል ስሠራ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። አሁን ጓሮዬ ካሉት ጋር ነው የምውለው። እንደጻፍከው ከሆነ ፈንግል አይመስለኝም። ፈንግል አንዷን መርጦ ሰባቱን አይምርም። ከገባ በቀናት ውስጥ ቤቱን ያዳርሳል። ማስነጠስ አለው፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ አለው፣ አረንጓዴ ቅማጥ፣ የክንፍና የእግር መስነፍ፣ የአንገት መጠማዘዝ አለው። ያንተዎቹ ሰባቱ መሬት እየጫሩ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ነገ ሁለተኛዋ ከተኮራመተች፣ ወይም የሁሉም እንቁላል ባንዴ ከቀነሰ፣ ቅርፊቱ ከተጨማደደና ነጩ ከቀጠነ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። እሱ የመንጋ በሽታ ነው። ለማንኛውም የፈንግል ክትባት እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። ያልተከተቡ ከሆነ ይሄ ጣጣ ካለፈ በኋላ አስከትባቸው።

መመላለሷ፣ ጭራዋ፣ እግሯን መክፈቷ፣ ቀደም ብሎ የወደቀው ቅርፊት አልባ እንቁላል፣ ሁሉም ወደ እንቁላል መንገዷ ነው የሚጠቁሙት። ግን በወሬ አይወሰንም። ዳስሳት።

እጅህን ታጠብ። ዶሮዋን ግራ ክንድህ ሥር ሸጉጣት፤ ጭንቅላቷ ወደ ኋላህ፣ ቂጧ ወደ ፊትህ ይሁን። ክንፏን በክርንህ ያዝ። መጀመሪያ መውጫዋን እይ። ጣይ ዶሮ መውጫዋ ሰፊ፣ እርጥብና ነጣ ያለ ነው። መጣል ያቆመች እንደሆነ ይጠብቃል፣ ይደርቃል፣ ቢጫ ይላል። ከመውጫዋ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን ሹል አጥንቶች ታገኛለህ። በመሀላቸው በጣትህ ለካ። ሁለት ሦስት ጣት ካስገባ መጣል ላይ ናት። አንድ ጣት ብቻ ከሆነ ካቆመች ቆይታለች፤ ያኔ እንቁላል ተቀረቀረ ብለን አንደክምም።

ከዚያ ወደ ታች ውረድ። ከነዚያ አጥንቶች እስከ ደረት አጥንቷ ጫፍ ያለው ለስላሳ ቦታ ሆዷ ነው። በመዳፍህ ቀስ ብለህ ደግፈው፣ አትጫነው። ወደ መውጫው ቀረብ ብሎ ክብ፣ ጠጣር ነገር ከተሰማህ እንቁላል ነው። ውኃ የሞላ ፌስታል የያዝክ ከመሰለህ ሆዷ ፈሳሽ አቁሯል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ወጣ ገባ ያለና ስትነካው የሚያማት እብጠት ከሆነ የእንቁላል ቱቦዋ ውስጥ የጠጠረ መግል ወይም ዕጢ ሊሆን ይችላል። ምንም ካልተሰማህም አትዘናጋ። ቅርፊት የሌለው እንቁላል ለጣት አይያዝም።

እንቁላል መሆኑን ካወቅህ እንዲህ አድርግ። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ሙላ፤ በክርንህ ሞክረው፣ ማቃጠል የለበትም። እስከ ሆዷ ድረስ ንከራት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ትቆይ። መጀመሪያ ትንፈራገጣለች፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፈን ጨፈን ታደርጋለች። ስታወጣት በደንብ በፎጣ አድርቃት፤ ርጥብ ዶሮ ለአዲስ አበባ ማታ አትሆንም። መውጫዋን ቫዝሊን ቀባት። ካርቶን ውስጥ ጭድ አንጥፈህ ሞቅና ጨለም ያለ ቦታ ለብቻዋ አስቀምጣት። ሰው እየመጣ አይያት። ልጆች ካሉ በተለይ።

ካልሲየም ስጣት። ከፋርማሲ የሚገዛው ለሰው የሚሆነው እንክብል ይበቃል። ጨፍልቀህ በትንሽ ውኃ በጥብጥና በመርፌ ስሪንጅ፣ መርፌው ወልቆ ማለቴ ነው፣ ከአፏ ጎን ጠብታ በጠብታ ስጣት። የመተንፈሻዋ ቀዳዳ ከምላሷ ኋላ ነው ያለው። ባንዴ ከጨመቅህባት ሳንባዋ ይገባል። ሰው ካልሲየም ለቅርፊት ብቻ ይመስለዋል። ቱቦው እንቁላሉን የሚገፋው በጡንቻ ነው፤ ጡንቻው ደግሞ ያለ ካልሲየም አይጨማደድም። ለዚህ ነው ካልሲየም ያነሳት ዶሮ ቅርፊቱም የሚሳሳባት፣ መግፊያ አቅሙም የሚያጥራት።

አሁን ወደ ኦክሲው። ኦክሲ ቴትራሳይክሊን የሚባል ፀረ ተሕዋሲያን ነው። ካልሲየም ሲያገኝ እርስ በርስ ይያያዙና ወደ ደም ሳይገቡ በኩስ ይወጣሉ። አንዱን ስትሰጥ ሌላውን ገደልክ ማለት ነው። ደግሞ የተቀረቀረ እንቁላል በፀረ ተሕዋሲያን አይወጣም። ከዚያ በላይ ግን የእናትህን ነገር አስብ። እናትህ ያሉት መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ዶሮዋ እንቁላል ብቻ ከሆነ የያዛት፣ መድኃኒትም ካልቀመሰች፣ ሥጋዋ ንጹሕ ነው። ዱቄቱን የሰጠሃት ዕለት ግን ያ በር ተዘጋ። መድኃኒቱ ሥጋዋ ውስጥም እንቁላሏ ውስጥም ይቆያል፤ ዕቃው ላይ ከመድኃኒቱ በኋላ ይጠበቅ ተብሎ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ አትበላም። ስለዚህ ይታረድ አይታረድ የሚለው ከመድኃኒቱ በፊት ነው የሚወሰነው።

ሦስት ነገር እንዳታደርግ። እንቁላሉን በሆዷ ላይ ጨምቀህ ለማውጣት አትሞክር። ውስጧ እንዲሰበርም አታድርግ፤ ስባሪው ቱቦዋን ይቆርጠዋል፣ አስኳሉ ይፈስና ይመግላል። ለከብት ምጥ የሚወጋውን መርፌ ከሰው ተውሰህም አትውጋት፤ መንገዱ ካልተከፈተ ቱቦው ይቀደዳል። እሱ ሐኪም ዳስሶ የሚወስነው ነው። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ከሆነ ሰዓቱ ሄዷል። ዛሬ ሁለቴ ንከራት። ነገ ጠዋት ድረስ ካልወጣ ወደ እንስሳት ሐኪም ይዘሃት ሂድ፤ ወይ እናትህን ስማ።

የሰሚቱ፦

አክስቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉት ዳሰስኳት። ሁለት ጣት ተኩል ያስገባል። ከመውጫዋ ትንሽ ወደ ውስጥ ጠጣር ክብ ነገር አለ፤ ስነካው ታቃስታለች። ዶሮ ማቃሰቷን ዛሬ ነው የሰማሁት።

የመጀመሪያው ንክር ላይ እንቁላሉ አልወጣም። ሳፋው ውስጥ ግን ትልቅ ነጭ ኩስ ለቀቀች፤ ከዚያ በኋላ ቀለል ያላት መሰለኝ። ካልሲየሙን በስሪንጅ ሰጠኋት፣ ግማሹን ሸሚዜ ጠጣው። ማታ ደግሜ ነከርኳት። ለሊቱን ካርቶን ውስጥ ኩሽና አደረች። እናቴ ቢላዋውን ስላ ነው የተኛችው።

ጠዋት ስከፍት እንቁላሉ ጭዱ ላይ አለ! በጣም ትልቅ ነው፤ ቅርፊቱ ሸካራ፣ ጫፉ ላይ የደም ጭረት ያለበት። ከጎኑ ደግሞ አንድ ሌላ ቅርፊት አልባ ተጨፍልቆ ወድቋል። ትልቁን ስንሰብረው ሁለት አስኳል ነው ያለው። ዶሮዋ ተነስታ ውኃ ጠጣች፣ እንጀራ ፍርፋሪ ለቀመች።

ግን መውጫዋ ላይ ቀይ፣ እርጥብ ሥጋ ወደ ውጭ ወጥቷል፤ የአውራ ጣት ራስ ያህላል። ይሄ ምንድን ነው? ከሌሎቹ ጋር ልቀላቅላት?

የቢሾፍቷ አክስት፦

እሰይ! ግን አትቀላቅላት። በጭራሽ። ያ ቀይ ሥጋ ቱቦዋ ነው፤ ስታምጥ አብሮ ወጥቷል። ዶሮ ቀይ ነገር ካየች አትምርም። ሌሎቹ ተሰብስበው ይነቁሯታል። አንጀቷን ጎትተው ሲያወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ትልቅ እርባታ ውስጥ ጠዋት ሞታ የምትገኝ ጥሩ ጣይ ብዙ ጊዜ በዚህ ነው የምትሄደው።

የአውራ ጣት ራስ ካከለ ተስፋ አለው። ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ እጠበው፣ ኩስ አይቅርበት። ያበጠ ከሆነ ስኳር ነስንስበት፤ ውኃውን ይመጥና እብጠቱ ይቀንሳል። ከደቂቃዎች በኋላ አጥበው። ጓንት አጥልቀህ፣ ቫዝሊን ቀብተህ፣ በአንድ ጣት ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ መልሰው። መልሶ ቢወጣ መልሰህ አስገባው። ከጠቆረ፣ ከደረቀ ወይም ከሸተተ ግን ሞቷል ማለት ነው፤ ያኔ አታሠቃያት።

ጨለም ባለ ቦታ ለብቻዋ ትቆይ። ብርሃን ሲያንሳት መጣሉን ታቆማለች፤ ቱቦው የሚያርፈው ያኔ ነው። በየቀኑ እንቁላል እየገፋች አይድንም።

ስለ መኖው ደግሞ ልንገርህ። አንድ ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይወስዳል። ጣይ ዶሮ ያንን በየቀኑ ማለት ይቻላል ታወጣለች። የጣይ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም እንዲኖረው የሚደረገው ለዚህ ነው። ፉርሽካና ድርቆሽ ስትጨምርበት ሆዷ ይሞላል፣ ካልሲየሙ ግን ይቀጥናል። መወደዱን አውቃለሁ፤ እኔም በዚያው ገበያ ነው የምገዛው። ማደባለቅህ ካልቀረ የኖራ ድንጋይ ስባሪ ለብቻው በሌላ ዕቃ አስቀምጥላቸው። እንደ ዱቄት የላመው ሳይሆን ጠጠር ጠጠር ያለው ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ይልቀሙት። ቅርፊቱ የሚሠራው ሌሊት ነው፤ ጠጠሩ ሆዷ ውስጥ እየቀለጠ ያድራል። ካላገኘህ የእንቁላል ቅርፊት አጥበህ፣ ምጣድ ላይ አድርቀህ፣ ወቅጠህ ስጥ። ቤት የሚቀባበትን ኖራ እንዳትሰጣቸው ብቻ፣ ያቃጥላቸዋል።

ከለንደን፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔም ትንሽ ጓሮ አለችኝ። እዚህ አገር ከትልልቅ እርባታ «ጡረታ» የወጡ ዶሮዎችን ለቤተሰብ የሚያድሉ በጎ አድራጊዎች አሉ። እኔም አራት ወስጄ ነበር። ሲመጡ ላባቸው ያለቀ፣ ፀሐይ አይተው የማያውቁ ናቸው። ሣር ላይ ሲቆሙ እግራቸውን ያነሳሉ።

አንዷ ከመጣች ከወራት በኋላ ሆዷ እየተነፋ መጣ። እንቁላል ካቆመች ቆይታ ነበር። አክስቴ ያሉትን ፌስታል በትክክል ያዝኩት። አካሄዷ ተንገዳጋጅ፣ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ የገረጣ፣ ከዚያም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሆነ። ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች። ሐኪሙ አልትራሳውንድ አድርጎ በመርፌ ቢጫ ፈሳሽ ቀዳላት። ያን ዕለት ሮጠች። ከዚያ ሆዷ ተመልሶ ሞላ። ደግሞ ቀዳላት። መጣሉን የሚያስቆም ሆርሞን ያለበት ቅንጣት ከቆዳ ሥር ሊቀብርላት እንደሚችልም ነግሮኝ ነበር። በኋላ ግን እንቁላል ማፍሪያዋ ላይ ዕጢ መኖሩን አየ። ካንሰር። ይሄ በዶሮ ላይ የተለመደ ነው አለኝ። እንዲያውም ተመራማሪዎች የሴቶችን የእንቁላል ማፍሪያ ካንሰር ለማጥናት ዶሮን ይጠቀማሉ፣ ምክንያቱም ማንም ሳያስይዛት በራሷ ይይዛታል።

በመጨረሻ ሳትሠቃይ እንድትሞት አደረግን። አበሻ ጓደኞቼ «ለዶሮ ሐኪም ቤት?» ብለው እስካሁን ይስቁብኛል። ይሳቁ። ጥያቄዬ፣ ቀደም ብዬ ባውቅ የሚድን ነገር ነበር?

የቢሾፍቷ አክስት፦

ልጄ ከለንደን፣ ዕጢ ከሆነ አይ፣ አይድንም። አንቺም ሐኪሙም ያደረጋችሁት ትክክል ነው። ፈሳሹን መቅዳት ትንፋሽ ይሰጣታል እንጂ ምንጩን አያደርቀውም። እሱንም ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት፣ ሌሎቻችሁም።

ሁሉም የተነፋ ሆድ ግን ካንሰር አይደለም። ዶሮ የበለተ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ውስጧ ከትልቅ እስከ ሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ቢጫ አስኳሎች በዘለላ አሉ። በግራ በኩል ብቻ። የቀኙ ጫጩት ሳለች ነው የሚቀረው። አንዱ አስኳል ሲበስል ከዘለላው ይለቀቃል፣ ቱቦው አፉን ከፍቶ ይቀበለዋል። ነጩን ለማልበስ 3 ሰዓት ያህል፣ ቅርፊቱን ለመሥራት 20 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጠቅላላው አንድ ቀንና ትንሽ ነው። ቱቦው አስኳሉን ሳይቀበለው ከቀረ ሆዷ ውስጥ ይወድቃል። ንጹሕ ከሆነ ሰውነቷ ይመጠዋል፣ ሳታውቂው ያልፋል። ከኩስ የሚመጣው ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ካገኘው ግን ሆዷ ውስጥ ይመግላል። አንዳንዷ ትነፋለች፣ ትሞቃለች፣ ከመውጫዋ ቢጫ የሚሸት ነገር ይፈሳል። አንዳንዷ ደግሞ ማታ ደህና ቆጥ ላይ ወጥታ ጠዋት መሬት ላይ ትገኛለች። ገና ሲጀምር ከተደረሰበት በፀረ ተሕዋሲያን የምትተርፍ አለች። ያኔ ኦክሲም ይሁን ሌላ፣ ሐኪም መጠኑን ለክቶ ይዘዝ። ለሁሉም ውኃ ላይ በጥብጦ መስጠት አይደለም። የታመመች ዶሮ ውኃም በደንብ አትጠጣ፣ መድኃኒቱን የሚጠጡት ጤነኞቹ ናቸው።

ያንቺዋ የለንደኗ ወደ አንቺ የመጣችው ሙሉ ዕድሜዋን በየቀኑ ስትጥል ከርማ ነው። የኛ አገር ዶሮ በዓመት 50 ምናምን ትጥልና በመሀል ታቅፋ ታርፋለች። ቦቫንሷ ከ300 በላይ ናት። ያ ቱቦ መቼ ይረፍ? የሐበሻ ዶሮ በፈንግል ታልቃለች እንጂ በዚህ በሽታ ስትሞት ያየሁት ጥቂት ነው።

ባለሙያዋ፦

አክስቴ፣ ዶሮ መበለት ስላነሱ አንድ ልጠይቅ። ለፋሲካ ከገበያ የገዛናት እንቁላል ጣይ ስትከፈት ዘለላው ጠውልጓል፣ ፍሬዎቹ የተጨማደዱና የጠቆሩ። ከአጠገቡ ደግሞ ቢጫ፣ ጠንካራ፣ የቡጢ ያህል ነገር። በቢላዋ ስቆርጠው ንብርብር ነው፣ ሽታው አይጣል። አማቴ ያንን ጥላ ሥጋውን በሎሚና በጨው አጥበን እንሥራው አለች። እኔ እምቢ ብዬ ጠቅላላውን ጣልኩት። በዓመት በዓል ተኮራረፍን። ማናችን ነን ልክ?

የቢሾፍቷ አክስት፦

አንቺ ነሽ። ለአማትሽ ግን እኔ አልኩ ብለሽ አትንገሪያት።

ያ ንብርብር ነገር የቱቦ መግል ነው። ቱቦው ሲመረዝ መግሉ እንደ ሰው ፈሳሽ ሆኖ አይቀመጥም፤ ይረጋል፣ ይጠጥራል። በላዩ አስኳልና ነጭ እየተጨመረ በሽፋን ላይ ሽፋን ይሠራል። አንዳንዷ እንደ እንቁላል ትጥለዋለች። መጣያ ሳጥን ውስጥ ጎማ የመሰለ ቅርጽ አልባ ነገር ካገኛችሁ እሱ ነው። መድኃኒት ውስጡ አይዘልቅም። ስለዚህ ከጠጠረ በኋላ መርፌ በመርፌ ላይ መደራረብ ብር መጣል ነው። ዶሮዋ እየበላች፣ እየጫረች ወራት ልትቆይ ትችላለች፤ ከውጭ ብታያት አይታወቅባትም። ለዚህ ነው ገበያ ላይ ሰው የሚሸወደው። ስትገዙ ሆዷን ዳስሱ። ደረቷን ብቻ ጨብጦ «ሥጋ አላት» ብሎ መሄድ አይበቃም።

ሆዷ ውስጥ መግል ወይም የሚሸት ፈሳሽ ካለ ሎሚ አያነጻውም። ጨውም አያነጻውም። ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር፣ ለውሻ አይሰጥ። ቢላዋውና መክተፊያው በፈላ ውኃ ይታጠብ። የተጨማደዱት ጥቋቁር ፍሬዎች ደግሞ ሌላ ነገርም ያስጠረጥራሉ። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ዘለላውን እንዲህ የሚያደርግ ዓይነት አለው፤ ከእናት ወደ ጫጩት በእንቁላል ይተላለፋል። ዶሮ ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለች ከተገኘች የእህቶቿን እንቁላል አታስቅፉ።

የሰሚቱ፦

ሥጋው ገብቷል፣ ሁለተኛ አልወጣም። እየበላች ነው። ኩሷም ተስተካክሏል። እናቴ ቢላዋውን መልሳለች፣ ግን ለገና ናት ብላለች።

አክስቴ የመጨረሻ ጥያቄ። ዶሮ ቤቱ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ አምፖል ይበራል። ብዙ ይጥላሉ ብሎኝ ነው የሸጠልኝ ሰውዬ። አሁን አዲስ ቄቦች ላመጣ አስቤያለሁ፤ ለእነሱም ላብራ?

የቢሾፍቷ አክስት፦

አጥፋው! ዶሮም እንቅልፍ አላት። የእኛ አገር ቀን ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ለሚጥሉት 16 ሰዓት ብርሃን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ትርፍ የለውም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት አብርተህ ጎህ ሲቀድ ታጠፋለህ፤ ማታ ደግሞ ሲመሽ አብርተህ 3 ሰዓት ላይ ታጠፋለህ። ሰዓቱን አታዘበራርቅባቸው። ትልቋ ግን አምፖሉ ካለበት ቤት ትራቅ፣ እስክታገግም የቀኑ ብርሃን ራሱ ይበዛባታል።

ለቄቦቹ ጭራሽ አታብራ። ብርሃን ሲበዛባቸው አካላቸው ሳይደርስ መጣል ይጀምራሉ። አጥንታቸው አልሰፋ፣ እንቁላሉ ይመጣል፣ ያው ያየኸው ነገር ነው የሚሆነው። 18፣ 20 ሳምንት ይሙላቸው፤ ክብደታቸውንም መዝነው። የመጀመሪያውን እንቁላል ካየህ በኋላ በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እየጨመርክ ትሄዳለህ። የጣይ መኖውንም ያኔ ነው የምትጀምርላቸው። ከዚያ በፊት ያን ሁሉ ካልሲየም ብትሰጣቸው ኩላሊታቸውን ይጎዳዋል። ከትልልቆቹ ጋር አንድ ገንዳ ላይ እንዳታበላቸው።